በሽተኛውን የሚፈትን፣ መሣሪያውን የሚያሳልፍ መድን

ታካሚው በሆዱ ተኝቷል። ወገቡ በመርፌ ደንዝዟል፤ እሱ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ጭልጥ ብሎ እንዲተኛ አይደረግም፣ መልስ እንዲሰጥ ይፈለጋልና። ከበላዩ የተዘረጋው የኤክስሬይ ክንድ የአከርካሪውን አጥንቶች በስክሪን እያሳየ፣ ሐኪሙ ወፈር ያለ መርፌ በሁለት አጥንቶች መካከል አሳልፎ ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ወዳለው ክፍተት ያስገባል። በመርፌው ውስጥ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ብረቶች የተደረደሩበት ቀጭን ሽቦ ሽቅብ ይገፋል። ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ታብሌት የያዘ ሌላ ሰው ቆሟል። ሐኪም አይደለም፣ ነርስም አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው አምራች ኩባንያ ወኪል ነው። ኤሌክትሪኩን ከፍና ዝቅ እያደረገ ንዝረቱ የት እንደተሰማው ታካሚውን ይጠይቃል፤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ባት፣ እግር ጣት። ቦታው ሲገኝ ሽቦው ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ባትሪው ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል፣ ታካሚውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከ3 እስከ 7 ለሚሆኑ ቀናት ገላውን ሳይታጠብ፣ ሳይጎነበስ፣ ዕቃ ሳያነሳ፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እየመዘነ ይመዘግባል። ቁጥሩ በግማሽ ከወረደ ሙከራው ተሳካ ይባላል፤ ኢንሹራንሱም ቋሚውን መሣሪያ የሚከፍልበት መንገድ ይከፈታል።

ይህ በአሜሪካ የሕመም ክሊኒኮች የዘወትር ሥራ ነው። መሣሪያው የሕብለ ሰረሰር ማነቃቂያ ይባላል። የሚያከራክረው ደግሞ ከሕክምናው ይልቅ ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ ወገን መድን ድርጅቶች የሚሰቃይ ሰው እያዩ በር ይዘጋሉ ይላል፤ ሌላው ሐኪሙና ኩባንያው የሰውን ጀርባ የገቢ ምንጭ አድርገውታል ይላል። ሁለቱም ከእውነት አልራቁም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ መድን ሰጪው ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ማስረጃውን ከመሣሪያው ሳይሆን ከበሽተኛው መጠየቁ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰበትን ለመረዳት ወደ 1965 መመለስ ያሻል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሕመም ከተጎዳው ቦታ ተነስቶ ሳይነካካ አንጎል የሚደርስ መልእክት አይደለም፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚያሳልፍና የሚከለክል በር አለ የሚል ጽንሰ ሐሳብ አወጡ። ንክኪን የሚሸከሙት ወፍራም ነርቮች ሲነቁ በሩ በሕመሙ ላይ ይጠብባል፤ ክርናችንን ግድግዳ ሲመታን ሳናስበው የምናሸው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኖርማን ሺሊ የተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በካንሰር ሕመም በሚሰቃይ ሰው ሕብለ ሰረሰር ላይ የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ተከለ። ዛሬ የሚቀበረው መሣሪያ የዚያ የልጅ ልጅ ነው፦ ሽቦው አከርካሪ ውስጥ፣ ባትሪው ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ከቆዳ ሥር፣ መቆጣጠሪያው ሪሞት በታካሚው እጅ። ባትሪው ሲያልቅ እንደገና ቀዶ ሕክምና አለ።

ዕድሜያቸው 65 የሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ለዚህ ማነቃቂያ የሚከፍልበትን ደንብ ያወጣው በ1995 ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ክብደቱ ግን ሁሉም በታካሚው ላይ ነው። መሣሪያው የመጨረሻ ባይሆን እንኳ ወደ መጨረሻው የሚሞከር መሆን አለበት። መድኃኒት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፊዚዮቴራፒና የሥነ ልቦና ሕክምና ተሞክረው አልሠሩም ወይም ለዚህ ሰው አይሆኑም መባል አለበት። የተለያየ ሙያ ያላቸው ባለሙያዎች ታካሚውን በአካልም በሥነ ልቦናም መመርመር አለባቸው። በመጨረሻም በጊዜያዊ ሽቦ ሕመሙ መቀነሱ መታየት አለበት። የግል ኢንሹራንሶች ይህን መነሻ አድርገው የየራሳቸውን ያክሉበታል፤ ይህን ያህል ወር ያለ ቀዶ የሚሰጥ ሕክምና፣ ይህን ዓይነት ምርመራ፣ ይህን የሚል ደብዳቤ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር ራሱ በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ለሚተከል የሕብለ ሰረሰር ማነቃቂያ ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ ጀምሯል፤ ምክንያት ያደረገው የአገልግሎቱ ቁጥር ያለ በቂ ምክንያት መጨመሩን ነው።

አንድ በወገብ ሕመም ሥራውን ያቆመ ሰው ይህን መሰላል ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አይከብድም። ስለ ሕመሙ ለአራትና ለአምስት ባለሙያ እንደ አዲስ ይናገራል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሱስ አለብህ ወይ፣ ጭንቀት አለብህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሕመሙን የፈጠረው መስሎ እንዳይታይ ይጠነቀቃል፣ ተስፋ የቆረጠ መስሎ እንዳይታይም ይጠነቀቃል። የድሮ ፊዚዮቴራፒ መዝገብ ከተዘጋ ክሊኒክ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ፣ የዚህ ሁሉ ጥያቄ መልስ መሣሪያው ይሠራል ወይ ለሚለው ምንም አይጨምርም። ይህን ሰው መረመርን ማለት ነው፤ በቃ።

ታዲያ መሣሪያው ይሠራል? ሐቀኛው መልስ፣ ለአንዳንዱ ሕመም ጥሩ ፍንጭ አለ፣ ለሌላው ግን ማስረጃው እየተሸረሸረ ነው የሚል ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እግር ላይ የቀረ የነርቭ ሕመም ባለባቸው 100 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2007 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ መሣሪያው ከተተከለላቸው 48 በመቶ፣ ካልተተከለላቸው 9 በመቶ የእግር ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ መቀነሱን አሳየ። የእንግሊዝ የጤና ምዘና ተቋም፣ ናይስ፣ በ2008 ለነርቭ ሕመም እንዲሰጥ ሲመክር አንዱ መሠረቱ ይህ ነበር። በ2021 ደግሞ የስኳር በሽታ ነርቫቸውን ባቃጠላቸው 216 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከሦስት ወር በኋላ 79 በመቶ ለ5 በመቶ የሆነ ልዩነት አስነበበ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ ሕመም ፈቃድ ሰጠ። ቁጥሮቹ ያስደንቃሉ። ሆኖም ሁለቱንም ጥናቶች የደገፏቸው አምራቾቹ ናቸው፤ በሁለቱም ታካሚው መሣሪያ እንደተተከለለት ያውቃል። ሕመም ደግሞ ከተስፋ ጋር በቅርብ የሚኖር ነገር ነው።

ይህን ጥርጣሬ በቀጥታ የፈተኑት በኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም፣ የሚሠሩ ሐኪሞች ናቸው። በ2022 ያሳተሙት ጥናት አሠራሩ ብልህ ነበር። ከጀርባ ቀዶ ሕክምና በኋላ የእግር ሕመም ያልለቀቃቸው፣ የሙከራውን ጊዜም በስኬት ያለፉ 50 ሰዎች ቋሚው መሣሪያ ተተከለላቸው። ከዚያ ለሁለት የሦስት ወር ዙር መሣሪያው በርቶ፣ ለሁለት የሦስት ወር ዙር ደግሞ ጠፍቶ ቆየ፤ የትኛው ዙር የትኛው እንደሆነ ታካሚው አያውቅም፤ የተመረጠው የኤሌክትሪክ ዓይነት በሰውነት የማይሰማ ነበርና። ውጤቱ፦ ከመጀመሪያው ሁኔታቸው ጋር ሲነጻጸር በሁለቱም ዙር ተሻላቸው፤ በበራውና በጠፋው መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በዓመቱ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ግምገማ 13 ጥናቶችን መርምሮ ለወገብ ሕመም ዘላቂ ጥቅም የመኖሩ ነገር አጠራጣሪ መሆኑን ጻፈ። ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የኢንሹራንስ የክፍያ ጥያቄዎችን (ክሌይሞችን) አመሳክሮ መሣሪያ የተተከለላቸውን 1,260 ሰዎች ካልተተከለላቸው ጋር ሲያነጻጽር በሁለት ዓመት ውስጥ የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ የሕመም ማስታገሻ) አጠቃቀማቸው ልዩነት አላሳየም፤ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ግን በ39 ሺህ ዶላር በለጠ፣ 22.1 በመቶዎቹም መሣሪያው ወጥቶላቸዋል ወይም በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ተስተካክሎላቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የትሮንድሃይሙ ጥናት ውስጥ ያለ አንድ ዝርዝር ነው፤ እነዚያ 50 ሰዎች ሙከራውን ያለፉ ነበሩ። መድኑ የሚተማመንበት ወንፊት ያ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች በ2020 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ሙከራ አድርገው የተተከለላቸውንና ያለ ሙከራ በቀጥታ የተተከለላቸውን ሲያወዳድሩ፣ ሙከራው የተሻለ ውጤት አመጣ የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። በቤት ውስጥ የተመዘገበ የአንድ ሳምንት ቁጥር፣ ታካሚው መሣሪያውን ለማግኘት ወራት ከደከመ በኋላ፣ ኩባንያው የላከው ሰው በየቀኑ እየደወለ እንዴት ነዎት ሲለው የተጻፈ ቁጥር፣ ለዓመታት የሚቀበር ነገር ዋስትና ሊሆን አይችልም። ይህን ስል ሙከራው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ መሣሪያው ጨርሶ የማይስማማውን ሰው ከቀዶ ሕክምና ያድናል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩም በ2020 ለሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤ ሙከራው እንዳይዘለል አሳስቧል። በዚያው ደብዳቤ በአራት ዓመት ውስጥ ስለ እነዚህ መሣሪያዎች 107,728 ሪፖርቶች እንደደረሱት ገልጿል። ሪፖርት ማለት መሣሪያው ጥፋተኛ ነው ማለት እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም፤ መቁጠሩ ግን ያስፈልጋል።

ሜዲኬር ከመሣሪያ ማስረጃ መጠየቅ አይችልበትም እንዳይባል አንድ ምሳሌ ላንሳ። ቴንስ የሚባል፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ንጣፍ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ አነስተኛ መሣሪያ አለ። መነሻው ያው የሜልዛክና የዎል በር ነው፣ ዋጋው ግን ሲወዳደር ከቁጥር አይገባም፤ ካልሠራም ተነቅሎ ይጣላል። በሰኔ 2012 ሜዲኬር ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ቴንስን አልከፍልም አለ፤ የሚከፍለው በጥናት ለታቀፈ ሰው ብቻ፣ ያም ማስረጃ ለመሰብሰብ ሲባል ነበር። ቆዳ ላይ ለሚለጠፈው ጥናት የጠየቀ መድን፣ አከርካሪ ውስጥ ለሚቀበረውና ወደ 30 ሺህ ዶላር ለሚጠጋ ክፍያ ለሚወጣበት መሣሪያ የ1995ን ደንብ ይዞ ቀጠለ። በላዩ የጨመረው ተጨማሪ ፎርም ነው። አዳዲሶቹ ሞዴሎችም ብዙውን ጊዜ ወደ ገበያ የሚገቡት ለቀድሞ ፈቃድ በሚቀርብ የማሻሻያ ማመልከቻ ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያው ፈተና በመግቢያውም በክፍያውም ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ይህን አመለካከት የሚቃወሙ ሦስት መከራከሪያዎች አሉ፣ ሦስቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ የትሮንድሃይም ሐኪሞች የመረጡት የኤሌክትሪክ አሰጣጥ ክሊኒኮች ከሚጠቀሙበት ይለያል፣ ስለዚህ በመላው ቴክኖሎጂ ላይ ሊፈረድ አይገባም የሚል ነው። እቀበለዋለሁ፤ አንድ ጥናት አንድ ጥናት ነው። ነገር ግን መልሱ ተመሳሳይ ስውር ጥናት በተለመደው አሰጣጥ መሥራት ነው እንጂ ጥያቄውን መተው አይደለም፤ ከመሣሪያው የሚያተርፈውም ወጪውን ቢሸፍን አይበዛበትም። ሁለተኛው፣ አማራጩ ኦፒዮይድ ነው፣ ኦፒዮይድ ደግሞ ይገድላል የሚል ነው። ይህ በጣም የሚያሳምን ነበር፣ የክሌይም ጥናቱ የኦፒዮይድ አጠቃቀም መቀነሱን ቢያሳይ ኖሮ። ሦስተኛው ከሁሉ ሰብአዊው ነው፦ ሰውየው ተሻለኝ ካለ፣ መንስኤው ምንም ይሁን፣ ምን አገባችሁ? ተሻለኝ ያለ ሰው መሣሪያውን ይዞ ይቀጥል፤ ማንም ከጀርባው ይንቀለው አላለም። የሚቀጥለው ሰው ግን ኢንፌክሽን፣ የሽቦ መንሸራተትና ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ሊያጋጥመው የሚችል ነገር ሲተከልለት፣ የሚሻለው በኤሌክትሪኩ ይሁን በተስፋው ማወቅ መብቱ ነው።

በአንጻሩ መድን ድርጅቶቹን ከጥርጣሬ የሚያወጣ ነገር የለም፤ እነሱ ክሊኒኮችን መጠራጠራቸው ከየት እንደመጣ ግን መረሳት የለበትም። ፒ ስቲም በሚል ስም የሚታወቅ፣ ከጆሮ ጀርባ በፕላስተር ተለጥፎ በጆሮ ላይ ጥቃቅን መርፌ የሚሰካ መሣሪያ ነበር። ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና በክሊኒክ ወንበር ላይ ይለጠፋል። አንዳንድ ክሊኒኮች ግን ሜዲኬርን ያስከፈሉት በቀዶ ሕክምና እንደተቀበረ ማነቃቂያ አድርገው ነው። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ባለፉት ዓመታት ከበርካታ ክሊኒኮች ጋር ባደረገው ስምምነት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስመልሷል። እንዲህ ያለ ማጭበርበር ባለበት ገበያ ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል የለም።

ጥያቄው ተቆጣጣሪው በምን ይከፈለዋል የሚለው ነው። ሜዲኬር ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዋይዘር የተባለ የስድስት ዓመት ሙከራ በኒው ጀርሲ፣ ኦሃዮ፣ ኦክላሆማ፣ ቴክሳስ፣ አሪዞናና ዋሽንግተን ግዛቶች ጀምሯል። በባህላዊው ሜዲኬር ሥር ለተወሰኑ አገልግሎቶች፣ ከእነዚህም አንዱ የነርቭ ማነቃቂያ ተከላ ነው፣ ጥያቄዎቹን የሚያዩት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጭምር የሚጠቀሙ የግል ድርጅቶች ናቸው። እምቢ ለማለት ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ መፈረም አለበት፤ ይህ ጥሩ ነው። የድርጅቶቹ ክፍያ ግን ሳይወጣ ከቀረው ገንዘብ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ነው። ኮለምበስ፣ ዳላስና ሲያትል ያሉ ብዙ የኛ አረጋውያን ወላጆች በዚህ ሙከራ ውስጥ ያለፈቃዳቸው አሉበት። ዳኛ ከፈረደው ቅጣት ላይ ድርሻ ቢታሰብለት ማንም ፍርድ ቤት አይለውም። ከዚህ ውጪ ባለው የግል ሜዲኬር፣ ሜዲኬር አድቫንቴጅ በሚባለው፣ በ2023 ለሁሉም ዓይነት ሕክምና ከቀረቡት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ የቅድመ ፈቃድ ጥያቄዎች 3.2 ሚሊዮኑ ተከልክለዋል። ከተከለከሉት ውስጥ ይግባኝ የተባለው 11.7 በመቶው ብቻ ነው፤ ይግባኝ ከተባለበት 81.7 በመቶው በሙሉ ወይም በከፊል ተቀልብሷል። ስለዚህ የሚሻገረው በጣም የታመመው ሳይሆን ወረቀት ማሳደድ የቻለው ነው።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም፣ ሜዲኬርም ሲያደርገው ኖሯል። በቀዶ ሕክምና ሳይሆን በደም ሥር በኩል የሚገባውን የልብ ቫልቭ ከ2012 ጀምሮ ሲከፍል እያንዳንዱ ታካሚ በሀገር አቀፍ መዝገብ እንዲገባ አስገድዷል። ለሕብለ ሰረሰር ማነቃቂያም ክፍያው ይፈቀድ፤ ለነርቭ ሕመም ሰፋ ብሎ፣ ለደፈናው የወገብ ሕመም ጠበብ ብሎ። በምላሹ የተተከለለት ሁሉ ስሙ ሳይገለጥ ለዓመታት ይመዝገብ፦ ሕመሙ የት ደረሰ፣ መድኃኒቱ ቀነሰ ወይ፣ መሣሪያው ወጣ ወይ፣ የየትኛው ኩባንያ ነበር። የመዝገቡን ወጪ አምራቹ ይካፈል። አምራቾች ይህ አዲስ ሕክምናን ያቀዘቅዛል ይላሉ፤ ማነቃቂያው ግን ከ1967 ወዲህ ያለ ሕክምና ነው። ዋሽንግተን ግዛት በሥራ ጉዳት ካሳ ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሁለት ዓመት ጥቅም ካላሳየ በኋላ፣ በ2010 ሥር ለሰደደ የነርቭ ሕመም በግዛቱ መድኖች እንዳይከፈል ወስኖ ነበር። ያን ያህል ጨርሶ መዝጋትም ሌላ ስህተት ነው፤ መዝገብ ስለሌለ ነው ሰው በዜሮና በሙሉ መካከል የሚንገላታው።

እስከዚያው ግን ሂደቱ ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህ ለእናትዎ፣ ለአባትዎ ወይም ለራስዎ ጉዳዩ የመጣ እንደሆነ ጥቂት ነገር ይያዙ። ሐኪሙን ስለ ሕመሙ ዓይነት ይጠይቁት፤ ለእግር የነርቭ ሕመም ያለው ማስረጃና ለወገብ ያለው አንድ አይደለም። ሙከራው ላይ ታብሌቱን የያዘው ሰው ከማን እንደሚከፈለው ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው የት እንደሚደረግም ይጠይቁ፤ ባህላዊ ሜዲኬር ብቻ ላለው ሰው በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የአንድ አገልግሎት ድርሻው ከተወሰነ ጣራ አያልፍም፣ በ2025 ጣራው 1,676 ዶላር ነበር፤ ከሆስፒታል ውጭ ባለ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ግን 20 በመቶው ያለ ጣራ ነው፣ የ20 ሺህ ዶላር 20 በመቶ ደግሞ 4 ሺህ ነው። የእምቢታ ደብዳቤ ቢደርስዎ አይጣሉት። በሜዲኬር አድቫንቴጅ ይግባኝ ለማለት በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አንስቶ 65 ቀን አለዎት፤ በሥራ በኩል ባለ መድን ብዙውን ጊዜ 180 ቀን ነው፤ በዋይዘር ግዛቶች ሐኪሙ የጎደለውን አሟልቶ የፈለገውን ያህል ጊዜ ደግሞ ማቅረብ ይችላል። እንግሊዝኛ የማይመቻቸው ወላጆች ለመድኑ ሲደውሉ በነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ልጅ ትምህርት ቤቱን ትቶ እንዲያስተረጉም አያስገድዱት።